በደቦ የሚታተም ልብ ወለድ

አንድ ድርሰት ከደራሲው እጅ ወጥቶ ከአንባቢው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍበት መንገድ ሐያስያን እምብዛም የሚመረምሩት ጉዳይ አይደለም። ሐያሲ ዘወትር የሚነሣው ከታተመው ገጽ ነው፤ ወረቀቱን ማን ገዛው፣ የማተሚያውን ዋጋ ማን ከፈለው የሚለውን ጥያቄ ለነጋዴና ለሒሳብ ሠራተኛ ይተወዋል። ይሁንና ልብ ወለዱ የታተመበት ገንዘብ የተገኘበት መንገድ በድርሰቱ ቅርጽ፣ በገጹ ብዛት፣ በአጨራረሱ፣ ይልቁንም በአንባቢው ማንነት ላይ ምልክቱን ትቶ ያልፋል። ስለዚህ ጉዳዩ ከሒስ ሥራ ውጪ ሊሆን አይችልም።

ነገሩን ለመመርመር አምቦና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጥሩ ሥፍራ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ አድርጎ ወደ ባኮ የሚዘልቀው መንገድ በጸሐፊ ረገድ ድሃ ሆኖ አያውቅም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ከአምቦ አቅራቢያ በቦዳ ነው። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ በየወረዳው ከተማ ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና መምህሮቻቸው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የሚጽፍ ትውልድ አፍርተዋል። የጎደለው ረቂቁን ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ አርሞ፣ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ የሚያከፋፍል አሳታሚ ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ረቂቁን በቦርሳው ይዞ ወደ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤቶች ይሄዳል፤ የዋጋ ማቅረቢያውን ተቀብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የደራሲ ሥራ ሳይሆን ገንዘብ የማሰባሰብ ሥራ ነው።

የአሰባሰቡ ሥርዓት በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ የታወቀ ነው። ደራሲው የመጽሐፉ ርእስና ዋጋ የሰፈረበት ኩፖን ያሳትማል። ጓደኛ ለጓደኛ፣ መምህር ለሥራ ባልደረባው፣ የእድር አባል ለእድርተኛው ይሸጥለታል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በኩፖኑ ፋንታ የስልክ ቁጥር መስጠት እየተለመደ መጥቷል። ነጋዴው በመጽሐፉ ጀርባ ወይም በመጨረሻ ገጾቹ ለሚወጣ ማስታወቂያ ይከፍላል። ኪክስታርተርን የመሰሉ የውጭ መድረኮች ነዋሪነቱ በኢትዮጵያ ለሆነ ደራሲ በቀጥታ በር አይከፍቱምና፣ በባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ዘመቻውን በዘመዱ ስም ያስጀምራል። በመጨረሻም የምረቃው ቀን ይደርሳል፤ አዳራሽ ይያዛል፣ እንግዶች ይጠራሉ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ለጨረታ ይቀርባል፣ በከተማው የታወቀ ባለሀብት ከመጽሐፉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፍሎ በጭብጨባ ይረከበዋል። መጽሐፉን ቤቱ ወስዶ ማንበብ አለማንበቡን የሚጠይቀው የለም።

ይህን ሥርዓት ከመንቀፍ በፊት የሚጠይቀውን ድፍረት ማየት ይገባል። አንድ የጊንጪ መምህር ልብ ወለድ ጻፈ እንበል። ማተሚያ ቤቱ 90 ሺህ ብር ጠየቀው፤ እርሱም በ300 ብር ሒሳብ 300 ሰዎች አስቀድመው እንዲከፍሉት መዞር ጀመረ። ደመወዝ ሲወጣ ይለመናል፣ ደመወዝ ሲያልቅ ይጠበቃል፤ ገንዘቡ ሞልቶ እስኪገኝ ስድስት ወር አለፈ። በዚህ መካከል የወረቀት ዋጋ በሲሶ ቢጨምር የሚፈለገው 120 ሺህ ብር ሆነ ማለት ነው፤ ሌላ 100 ከፋይ ሊገኝ ነው፤ እነርሱን ሲፈልግም ሌላ ወር ይነጉዳል። ስሌቱ በሐሳብ የተሠራ ነው። ሆኖም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ያየ ሰው ተረት ነው አይለውም። የኅትመት ወረቀት በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነውና። አስቀድሞ የሰበሰበው ገንዘብ በእጁ እንደ በረዶ የሚቀልጥበት ደራሲ ለማተሚያ ቤቱ ገና ባለዕዳ ሳይሆን ለ300 ጎረቤቶቹ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴውን ግድብ ቦንድ የገዛ መምህር ገንዘቡ የሚመለስበት ዘመንና የሚያገኘው ወለድ ተነግሮታል፤ የልብ ወለድ ኩፖን የያዘ ሰው ግን ከደራሲው ቃል በቀር ሌላ መያዣ የለውም። በትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቃሉን ያጠፈ ሰው የሚሸሸግበት ጎዳና አይገኝም።

ከፋይን ከመጽሐፍ ጋር ማስተሳሰር ለዚህች አገር አዲስ ነገር አይደለም። በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ፣ ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ወራት ተቀምጦ ከጻፈው ሰው ይልቅ ዋጋውን ከፍሎ ያጻፈው ሰው ስም በጸሎቱ መካከል እየገባ ምሕረት ይለመንለታል። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም የተተካባቸው ብራናዎች ብዙ ናቸው። የፍቀቱ ጠባሳ ዛሬም በዓይን ይታያል።

በአውሮፓም ልማዱ ከኅትመት ጋር አብሮ አድጓል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ የሆሜርን ኢሊያድ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. ከ1715 እስከ 1720 በስድስት ቅጽ ሲያወጣ 575 ሰዎች አስቀድመው ተመዝግበው ነበር፤ ባለቅኔው ከመሳፍንት ደጅ ጥናት ነጻ የወጣው በዚህ ገንዘብ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በአንጻሩ ለሼክስፒር ተውኔቶች እትሙ እ.ኤ.አ. በ1756 ምዝገባ ከፍቶ መጽሐፉን ያደረሰው በ1765 ነው፤ የከፋዮቹን ዝርዝር ለምን እንዳላተመ ሲጠየቅ ስማቸው ጠፍቶበት ገንዘባቸውም አልቆበት እንደ ነበረ መናገሩ ይተረካል። በአምቦ እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ደራሲ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ከእነዚህ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የኦላውዳ ኢኩዋኖ ታሪክ ነው። በልጅነቱ ከአፍሪካ ተሽጦ፣ ነጻነቱን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው ኢኩዋኖ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1789 በለንደን ሲያሳትም የ311 ከፋዮችን ስም በመግቢያው አስፍሯል። የባለቤትነት መብቱን ለማንም አልሸጠም። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ፣ እስከ አየርላንድ ድረስ እየዞረ ራሱ ሸጠው፤ በሕይወቱ ሳለ ዘጠኝ ጊዜ ታተመ፤ በየእትሙም የከፋዮች ዝርዝር እየረዘመ ሄደ። ለኢኩዋኖ ገንዘብ ያወጣ ሰው የሚገዛውን ያውቅ ነበር፤ የባሪያ ንግድ ይቅር የሚለው ክርክር በየአደባባዩ ተጀምሯል፣ ደራሲውም በክርክሩ ውስጥ ድምፁ የታወቀ ሰው ነበረ። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት በፊት በቦስተን በባርነት ትኖር የነበረችው ባለቅኔ ፊሊስ ዊትሊ እ.ኤ.አ. በ1772 ለግጥሞቿ መድበል ከፋይ ብትፈልግ በከተማዋ በቂ ሰው አላገኘችም፤ መጽሐፏ በሚቀጥለው ዓመት የታተመው ባሕር ተሻግሮ በለንደን ነው። የግጥሙ ጥራት የገንዘቡ መሙላት ዋስትና ሊሆን እንደማይችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው። የተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ ገንዘቡ መሙላቱ ስለ ድርሰቱ የሚመሰክረው ነገር ላይኖር ይችላል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በእንግሊዝ አገር አንባውንድ የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ጀምሮ፣ አንባቢዎች አስቀድመው የከፈሉባቸውን መጻሕፍት ስማቸውን በመጨረሻው ገጽ እየመዘገበ ያሳትም ነበር። በዚህ መንገድ የወጣው የፖል ኪንግስኖርዝ ልብ ወለድ «ዘ ዌክ» በ2014 ለማን ቡከር ሽልማት በዕጩነት ረጅም ዝርዝር ውስጥ ገባ። አሜሪካዊው ብራንደን ሳንደርሰንም በ2022 ለአራት ልብ ወለዶች ከ185 ሺህ በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ይሁንና አንባውንድ ራሱ በመጋቢት 2025 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ሲወድቅ ድርሻቸውን ያልተቀበሉ ደራስያን ሜዳ ላይ ቀሩ። ሳንደርሰንም ቢሆን ያን ሁሉ ሕዝብ የጠራው በአንድ ቀን አልነበረም፤ ከ15 ዓመት በላይ ሲያነቡት የኖሩ ሰዎችን ነው የጠራው።

እዚህ ላይ ነው የአምቦውና የጊንጪው ደራሲ ችግር ግልጽ የሚሆነው። ኩፖን የሚገዙት ሰዎች አንባቢዎቹ አይደሉም፤ ወዳጆቹ ናቸው። የከፈሉት ለልብ ወለዱ ሳይሆን ለሰውየው ፊት ነው። ነገ ሠርግ ቢደግስ፣ ሐዘን ቢቀመጥ በዚያው እጅ፣ በዚያው ልብ ይዘረጉለታል። ይህ ደግነት ነው፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ነገር ግን ለሥነ ጽሑፍ የተሰጠ ድምፅ ተደርጎ ሲቆጠር ደራሲውን ያሳስተዋል። 300 ኩፖን የሸጠ ሰው 300 አንባቢ አለኝ ብሎ ሁለተኛውን ልብ ወለድ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ዘመቻ ሲከፈት ግን ያው ወዳጅ ቀድሞ ከፍሏልና፣ መጽሐፉም በመደርደሪያው ላይ ሳይገለጥ ተቀምጧልና፣ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ደራሲውም ሕዝቡ ማንበብ አይወድም ብሎ ያማርራል። ሕዝቡ ግን እንዲያነብ አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው እንዲከፍል ነበር።

የገንዘቡ ምንጭ በመጽሐፉ አካል ላይ የሚተወው ምልክትም በግልጽ ይነበባል። በእንዲህ ያሉ ልብ ወለዶች የምስጋናው ገጽ አንዳንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይረዝማል፤ ሆቴል፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ የግል ኮሌጅ፣ የከተማ አስተዳደር በየማዕረጋቸው ይሰለፋሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ነውር አልነበረም። ነገር ግን የሚመሰገነው ሰው በልብ ወለዱ ውስጥ ሊነቀፍ አይችልም። የትንሽ ከተማ ልብ ወለድ ኃይሉ ከተማዋን ከነነጋዴዋ፣ ከነሹሟ፣ ከነመምህሯ ገልጦ ማሳየቱ ሆኖ ሳለ፣ በነጋዴውና በሹሙ ገንዘብ የታተመው ድርሰት ክፉ ሰው ሲያስፈልገው ከሩቅ አገር ያስመጣል፤ ወይም ስም በሌለው ከተማ ያኖረዋል። በአምቦ ተወልዶ ያደገ ደራሲ አምቦን የማያውቅ እስኪመስል ድረስ መንገዶቿን፣ ገበያዋን፣ የጸበል ውሃዋን ትቶ ገጸ ባሕርያቱን በአዲስ አበባ ቦሌ ሲያንሸራሽር መታየቱ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሳይሆን አይቀርም።

የአጨራረሱ ነገር ሌላው ነው። ማተሚያ ቤት ገጽን በ16 እያጠፈ ያስባል፤ ስለዚህ ደራሲው ገንዘቡ ሲያጥረው ከ16 ገጽ ወይም ከ32 ገጽ ይላቀቃል። በግማሽ ልብ ወለድ ላይ ተንሰራፍተው በየምዕራፉ ሲወያዩ የነበሩት ሰዎች በመጨረሻዎቹ ጥቂት ገጾች በመኪና አደጋ፣ በድንገተኛ ሕመም፣ በሎተሪ ዕጣ ሲሰናበቱ አንባቢው የደራሲውን ሐሳብ ድህነት ይከስሳል። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሐሳብ አይደለም። አርታኢ በምክንያት የሚቆርጠውን ወረቀት ያለ ምክንያት ይቆርጠዋል። በዚህ ረገድ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፈው ጓደኛው የባሰ ሸክም ይሸከማል። ቁቤ ተናባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል፤ የሚጠብቀውን ድምፅና ረጅሙን አናባቢ ደግሞ ይደጋግማል፤ ፊደል ግን ሁለቱን በአንድ ሆሄ ያስራቸዋል። ያው ታሪክ በቁቤ ሲጻፍ ብዙ ገጽ፣ ስለዚህም ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ብር ይጠይቃል። ቁቤ በትምህርት ቤት ከተጀመረበት ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተማረው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ በቋንቋው የሚያነበው ልብ ወለድ ሲፈልግ፣ ጠቅላላው ወጪ በደራሲው ጫንቃ ላይ መውደቁ የቋንቋውንም ሥነ ጽሑፍ የሚጎዳ ነው።

አንዳንዶች መፍትሔው የመንግሥት አሳታሚ ነው ይላሉ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትንም ያስታውሳሉ። ኩራዝ ረቂቅ የሚያነቡ አርታኢዎች ነበሩት፤ መጽሐፍንም በብዙ ቅጂ አትሞ ከዋና ከተማው ውጪ ያደርስ ነበር። ይህ እውነት ነው። ግን በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያሳተመውም ይኸው ድርጅት ነው፤ መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ከዚያ በፊትም የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታግዷል። አንድ ከፋይ ብቻ ያለው ደራሲ አንድ ጌታ ብቻ አለው። 300 ከፋይ ያለው ደራሲ ከዚህ ይሻላል፤ የሚሻለው ግን 300ዎቹ ያነበቡ እንደ ሆነ ነው።

በምዕራብ ሸዋ ደቦ የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪውም በኦሮምኛ ተናጋሪውም አፍ አንድ ነው። የቅድሚያ ክፍያ ዘመቻን የሚያወድሱ ሰዎችም ይህን ቃል ይወዱታል፤ ደራሲውን በደቦ እናሳትመው ይላሉ። ምሳሌው ግን ከሚያስቡት በላይ ጠያቂ ነው። ደቦ የጠራ ገበሬ ማሳውን ደብቆ አይጠራም። የመጣው ጎረቤት መሬቱን አይቶታል፤ ጭንጫውንና ለሙን ያውቃል፤ በሬዎቹን ይዞ ገብቶ ያርሳል፤ እግረ መንገዱንም ፈሩ ጠመመ ብሎ ይገሥጻል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ባለማሳው በተራው የጎረቤቱን ያርሳል። የልብ ወለዱ ደቦ ከዚህ ሁሉ የወሰደው ድግሱንና ጥሪውን ነው። ማሳው፣ ማለትም ረቂቁ፣ እስከ ምረቃው ቀን ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ደራሲውም የሌላውን ደራሲ ረቂቅ አንብቦ አያርምም።

አድማጭ ከወረቀት ሊቀድም እንደሚችል ደግሞ ይህ አካባቢ ራሱ ይመሰክራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት በመድረክ ታየ። መጽሐፍ አልነበረም፤ ተመልካች ግን ነበረው። የቴአትር ሰዎች ይህን ምስጢር ያውቁታል፤ የመግቢያ ትኬትም እኮ ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ ነገር ግን የከፈለው ሰው በዚያው ማታ ተቀምጦ ያያል፣ ሲሰለቸው ያዛጋል፣ ሲከፋው ይወጣል፤ ደራሲውም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ማዛጋቱን ይሰማል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ሰዎች በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤት ልጆች አወቋቸው፤ ከአድማጮቹም መካከል መጽሐፉን ፈልጎ ያነበበው ብዙ ነው። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝም» ማተሚያ ቤት ሳይደርስ ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል።

እንግዲህ የጊንጪው መምህር ኩፖኑን ከማሳተሙ በፊት ሌላ ሥራ ይቀድመዋል። የልብ ወለዱን አንድ ምዕራፍ በጉደር ወይም በጌዶ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለ30 ሰው ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ ከ30ው 10 ሰዎች ቀጣዩን ምዕራፍ ለመስማት ቢመለሱ፣ እነዚያ 10 ሰዎች ከ300 ኩፖን የበለጠ ስለ ድርሰቱ ይነግሩታል። የት ላይ እንደተሳሳቁ፣ የት ላይ ስልካቸውን እንዳወጡ ያያል። በሁለት ቋንቋ በሚነጋገር ከተማ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ በየትኛው ቋንቋ ሲናገሩ ጆሮ እንደሚያምናቸው ይለያል። የማስነበቡ ወጪ ደግሞ ከሻይ አይበልጥም። ተመልሰው የመጡት ሰዎች ዘመቻው ሲከፈት መጽሐፉን ለሌላው የሚያወሩት ታሪኩን እያወሱ ነው፤ ደራሲው ችግረኛ ነው እያሉ አይለምኑለትም። ቢሮው ኩፖን ይዞ ከመዞር ይልቅ ይህን ማድረግ ያሳፍራል የሚል ደራሲ አይጠፋም፤ ረቂቁን በሰው ፊት ማንበብ ገንዘብ ከመለመን ይበልጥ ያስፈራልና። ፍርሃቱ ትክክለኛ ነው፤ በመጀመሪያው ጉዳይ ተመርማሪው ደራሲው ሲሆን በሁለተኛው የወዳጆቹ ኪስ ነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሚሰፍረው የስም ዝርዝርም ቢሆን ሊሻሻል ይችላል። ብራናውን ያጻፈው ሰው ስሙን በጸሎቱ መካከል ያስገባው በመጽሐፉ ሊጸልይበት ነበር፤ ከመጽሐፉ ጋር የነበረው ግንኙነት በክፍያው ቀን አላበቃም። የዛሬውም ከፋይ ስሙ ይታተም፤ ይገባዋል። ከእርሱ በላይ ግን ረቂቁን አንብቦ ሦስተኛው ምዕራፍ አላሳመነኝም ብሎ የተከራከረው የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የእናትየዋ ንግግር የጌዶ ሰው ንግግር አይመስልም ብላ ያረመችው ጎረቤት፣ ምዕራፍ ሲነበብ ሁለቴ ተመልሶ የመጣው ተማሪ ቢጻፉ የሥራውን ታሪክ ይናገራሉ። እስካሁን በእጅ ያሉት የምስጋና ገጾች ግን በሆቴልና በመደብር ስም ሞልተው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቦታ አላስተረፉም።